ጆሮ ይቅደም፣ ዓይን ይከተል

ልጁን ሙዚቃ ለማስተማር የተነሣ ወላጅ በቅድሚያ የሚያሳስበው የመሣሪያው ዋጋና የአስተማሪው ክፍያ ነው። ሁለቱም በእርግጥ ቀላል አይደሉም። ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ ግን ገንዘብ የማይፈታው ችግር ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከኪቦርዱ አልነሣም ይል የነበረ ልጅ፣ አምስት መስመሮችና ጥቋቁር ነጠብጣቦች የሰፈሩበት ወረቀት ፊቱ ሲቀመጥ ጉጉቱ ይቀዘቅዛል። እያንዳንዱን ኖታ በጣቱ እየጠቆመ ስሙን ይፈልጋል፤ ስሙን ሲያገኝ መነካት ያለበትን ቁልፍ ይፈልጋል፤ ቁልፉን ሲነካ ደግሞ የቀደመው ድምፅ ከጆሮው ጠፍቷል። ቤት ውስጥ የ«ተለማመድ» እና የ«ቆይ» ጭቅጭቅ ይጀመራል፤ በመጨረሻም «ልጁ ተሰጥኦ የለውም» የሚል ፍርድ ይሰጣል። ይህ ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ነው። ልጁ የተጠየቀው ሰምቶት የማያውቀውን፣ በድምፁም አውጥቶት የማያውቀውን ነገር እንዲያነብ ነው። ኖታ ማንበብ ጆሮ አስቀድሞ የለመደውን ድምፅ ዓይን በወረቀት ላይ የሚያገኝበት ችሎታ ነው። ስለዚህ በልምምዱም ሆነ በንባቡ ጆሮ መቅደም አለበት። ይህን ቅደም ተከተል የተረዳ ወላጅ እሱ ራሱ አንድም ኖታ ባያውቅ ልጁን ብዙ ሊረዳው ይችላል።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ኢትዮጵያ የራሷ የዜማ ጽሕፈት ያላት አገር ናት። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን ለኖረው ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጠው ዜማ ለብዙ መቶ ዓመታት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሲተላለፍ ቆይቷል። ከንባቡ በላይ የሚጻፉት ምልክቶች ሥርዓት የያዙት በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደሆነ ይነገራል። የዜማ መጽሐፉን ድጓን የገለጠ ሰው ከግእዙ ቃላት በላይ ሁለት ነገር ያያል፦ እንደ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ርክርክና ቁርጥ ያሉ ምልክቶችንና በጥቃቅኑ የሰፈሩ ፊደላትን። ፊደላቱ ተማሪው ቀድሞ በቃሉ የያዘውን አንድ የዜማ ሐረግ የሚያስታውሱ ምህጻሮች ናቸው። ዜማውን ከመምህር አፍ ያልሰማ ሰው የምልክቶቹን ስም አንድ በአንድ ቢጠራ እንኳ ሊያዜመው አይችልም። የዜማ ቤት ተማሪም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ከመምህሩ ይቀበላል፣ ደጋግሞ ይቀጽላል፣ ምልክቱም በጆሮው ያደረውን ድምፅ ያጸናለታል። ምልክቱ ከዜማው ብዙ መቶ ዓመታት ዘግይቶ መምጣቱ ራሱ የትኛው የትኛውን እንደሚሸከም ያሳያል።

«ይህ ግን ሌላ ነገር ነው» ብሎ የሚከራከር ይኖራል፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። የድጓው ምልክት የሚታወቀውን ዜማ ያስታውሳል፤ ባለ አምስት መስመሩ ኖታ ግን ማንም ያላሰማንን ዜማ ከወረቀት ላይ እንድናነሣ የተሠራ ነው። እንዲህ ከሆነ ጆሮን ማስቀደም ለዜማ ቤት እንጂ ለፒያኖ ተማሪ አይሠራም ሊባል ነው። መልሱ በመስመሩ በራሱ ታሪክ ውስጥ አለ። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጣሊያን ውስጥ የኖረው መነኩሴ፣ የአሬዞው ጊዶ፣ መዘምራን ዘመናቸውን ሙሉ አጥንተው አንዲት አጭር መዝሙር እንኳ ያለ መምህር መዘመር አለመቻላቸው ያስቆጨው ነበር። ድምፆችን በመስመሮች ላይና በመስመሮች መካከል አድርጎ የመጻፍን ሥርዓት አበጀ፤ 10 ዓመት ይፈጅ የነበረው ትምህርትም በአንድ፣ ቢበዛ በሁለት ዓመት እንደሚያልቅ በደብዳቤው ጻፈ። ይህን ያደረገው ግን በመስመሮቹ ብቻ አልነበረም። ልጆቹ በቃላቸው እንዲይዙት አንድ የመጥምቁ ዮሐንስ መዝሙር ሰጣቸው፤ የመዝሙሩ ስድስት ሐረጎች እያንዳንዳቸው ከቀዳሚያቸው አንድ ደረጃ ከፍ ብለው ይጀምራሉ። የሐረጎቹ መነሻ ድምፆች ኡት፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ነበሩ፤ ኡት ከጊዜ በኋላ ዶ ሆነ፣ ሲም ተጨመረ። ልጁ የማያውቀው ኖታ ሲገጥመው በጆሮው ካደረው መዝሙር ጋር አመሳክሮ ድምፁን ያገኛል። ያልተሰማን ዜማ የማንበብ ጥበብ ራሱ የቆመው በደንብ በተሰማ ዜማ ላይ ነው ማለት ነው።

ኖታ ለጀማሪ ለምን እንደሚከብድ ለመረዳት ከአንባቢው ምን እንደሚጠይቅ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ኖታ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይናገራል። በመስመሮቹ ላይ የተቀመጠበት ቦታ ድምፁ ምን ያህል ቀጭን ወይም ወፍራም እንደሆነ ይገልጻል፤ ቅርጹ ደግሞ ድምፁ የሚቆይበትን ጊዜ ይገልጻል። በተለመደው ባለ አራት ምት አቆጣጠር፣ ውስጡ ክፍት የሆነና ዘንግ የሌለው ሙሉ ኖታ አራት ምት ይቆያል፤ ዘንግ ሲጨመርበት ሁለት ምት፣ ውስጡ ሲጠቁር አንድ ምት፣ በዘንጉ ላይ ጅራት ሲበጅለት ግማሽ ምት ይሆናል። መስመሩ ሲጀምር የሚቀመጠው ትሬብል ክሌፍ የተባለው ጠምዛዛ ምልክት ከታች ሁለተኛው መስመር ሶል መሆኑን ይወስናል፤ ሌሎቹ ድምፆች ከዚያ ተነሥተው ይቆጠራሉ። መነሻ ሕጉ ይኸው ነው፤ ልጅ በጥቂት ቀን ሊረዳው ይችላል። የሚከብደው ሕጉን በሥራ ላይ ማዋሉ ነው። አንባቢው ድምፁን መለየት፣ ምቱን መጠበቅ፣ ጣቱን በትክክለኛው ቦታ ማሳረፍ አለበት፤ ይህንንም ዓይኑ ከእጁ ቀድሞ እየሄደ ሳያቋርጥ ማድረግ ይጠበቅበታል። ዜማው ለልጁ አዲስ ከሆነ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጫንበታል። ዜማውን ቀድሞ ዘፍኖት ከሆነ ግን ከሸክሙ ትልቁ ክፍል ይወርድለታል፤ የቀረው ጆሮው የሚያውቀውን ነገር ከምልክቱና ከጣቱ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የልጆችን የሙዚቃ ትምህርት ከለወጡት ሰዎች ሁለቱ በተለያየ አገር ሆነው እዚሁ ነጥብ ላይ ደርሰዋል። ሃንጋሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ዞልታን ኮዳይ (እ.ኤ.አ. ከ1882 እስከ 1967) የልጅ የመጀመሪያ መሣሪያ ድምፁ እንደሆነ፣ የመጀመሪያ መጽሐፉም የአገሩ ሕዝብ ዘፈን መሆን እንዳለበት ያምን ነበር። በእሱ ሐሳብ ላይ በተገነባው ትምህርት ልጆች ዘፈኑን መጀመሪያ በቃል ይይዛሉ፣ ምቱን በእግራቸው ይረግጣሉ፣ በእጃቸው ያጨበጭባሉ፤ ምልክቱ የሚታያቸው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ምት የሚቆየውን ኖታ «ታ»፣ ግማሽ ግማሽ ምት የሚቆዩትን ሁለት ኖታዎች «ቲ-ቲ» እያሉ ስለሚጠሩ ምቱን ከማንበባቸው በፊት በአፋቸው ይዘውታል። ጃፓናዊው የቫዮሊን መምህር ሺኒቺ ሱዙኪ (እ.ኤ.አ. ከ1898 እስከ 1998) ደግሞ ልጅ ሁሉ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ያለ ችግር መልመዱን አስተውሎ ሙዚቃም እንዲሁ ሊለመድ ይችላል አለ። ልጅ መጀመሪያ ይሰማል፣ ቀጥሎ ይናገራል፣ ፊደል የሚቆጥረው አፉን ከፈታ ከዓመታት በኋላ ነው። «ሀ» ብሎ ሳይናገር «ሀ»ን እንዲያነብ የሚጠየቅ ልጅ የለም። በሱዙኪ ዘዴ ልጁ የሚማረውን ሙዚቃ በየቀኑ ከቅጂ ይሰማል፣ ወላጅም ትምህርቱ ላይ አብሮ ይገኛል፤ የኖታ ንባቡ የሚመጣው እጁና ጆሮው ከተስማሙ በኋላ ነው።

ይህ የልጆች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን የበሰሉ አንባቢዎችን እንመልከት። ቦሪስ ጎልዶቭስኪ የተባለ የፒያኖ መምህር አንዲት ንባብ የሚከብዳት ተማሪ ከሙዚቃ ደራሲው ብራምስ ካፕሪቾዎች (አጫጭር የፒያኖ ሥራዎች) አንዱን ስትጫወት ስህተት የመሰለ ድምፅ ሰምቶ አስቆማት። እርሷ ግን የተጫወተችው የታተመውን ነበር፤ ስህተቱ የማተሚያ ቤቱ ሆኖ ተገኘ። ጎልዶቭስኪ ከዚያ በኋላ ጎበዝ አንባቢዎችን በገጹ ላይ አንድ የኅትመት ስህተት እንዳለ ነግሮ እንዲፈልጉት ቢያደርግም ደጋግመው ተጫውተው አላገኙትም። ዓይናቸው የተሳሳተውን ኖታ እያየ እጃቸው ትክክለኛውን ይመታ ነበር። እንግሊዛዊው የሥነ ልቡና ምሁር ጆን ስሎቦዳ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጥናት ሆን ብሎ ኖታዎችን ለውጦ ለፒያኖ ተጫዋቾች ሲሰጥ እነሱም ሳይታወቃቸው ከተለወጡት የተወሰኑትን አርመው ተጫውተዋል። ጎበዝ አንባቢ እያንዳንዱን ነጠብጣብ ለየብቻው አይለቅምም፤ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ጆሮው ይገምታል፣ ዓይኑም ግምቱን ያረጋግጣል። እንግዲህ ልጅን ጥሩ አንባቢ ማድረግ ማለት የሚጠብቅና የሚገምት ጆሮ መስጠት ማለት ነው። የመስመሮችን ስም ብቻ ማስሸምደድ ይህን ጆሮ አይሰጥም።

ለዚህ የሚሆን መነሻ በእኛ ቤት ውስጥ ሞልቷል። ትዝታ ሜጀር በሚባለው ቅኝት ውስጥ ያሉት አምስት ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። ፋና ሲ ስለሌሉበት ልጅን የሚያስቸግሩት ጠባብ እርከኖች አይገኙበትም። የኮዳይ ተከታዮችም ልጆችን የሚያስጀምሩት በእነዚሁ አምስት ድምፆች በተሠሩ የሕዝብ ዘፈኖች ነው። ስለዚህ በትዝታ ያደገ የኢትዮጵያ ልጅ ጆሮ ለዚህ ትምህርት ባዶ ሆኖ አይመጣም። እንደ ሆያ ሆዬና አበባየሆሽ ያሉት ጨዋታዎች ደግሞ አንዱ አውጥቶ ሌላው የሚቀበልባቸው ናቸው፤ ሰምቶ ወዲያው መመለስም ከሁሉ የተሻለ የጆሮ ልምምድ ነው። ወላጅ አንድ አጭር ሐረግ ያዜማል፣ ልጁ ይመልሳል፤ ቀጥሎ ሐረጉን በጭብጨባ ብቻ ይመላለሱታል። ከዚያ ልጁ ረጅሙን ድምፅ በረጅም ጭረት፣ አጭሩን በአጭር ጭረት ወረቀት ላይ ያሰፍራል። ከፍ ሲል ከፍ፣ ዝቅ ሲል ዝቅ አድርጎ እንዲያሰፍር ሲነገረው የኖታን ሐሳብ በገዛ እጁ ደርሶበታል። አስተማሪው በኋላ አምስቱን መስመር ሲያሳየው ቀድሞ የገባውን ነገር በሥርዓት የተጻፈ ሆኖ ያገኘዋል።

በዚህ መንገድ ላይ የሚነሣው ብርቱ ተቃውሞ ከመምህራን የሚመጣ ነው፦ በጆሮ የለመደ ልጅ ለማንበብ ይሰንፋል፤ አንዴ ሰምቶ ስለሚይዘው ወረቀቱን የሚያይ እየመሰለ በቃሉ ይጫወታል። ይህ እውነት ነው፤ በሱዙኪ ዘዴ ላይም ሲነሣ የኖረ ወቀሳ ነው። ጆሮ ይቅደም ማለት ግን ዓይን ይቅር ማለት አይደለም። ልጁ አንድን ዜማ ዘፍኖና ተጫውቶ እንደጨረሰ የዚያኑ ዜማ ጽሑፍ ሳይቆይ ማየት አለበት። ይህን ከለመደ በኋላ ደግሞ በየቀኑ ጥቂት መስመር ሰምቶት የማያውቀውን፣ ከደረሰበት ደረጃ በጣም የቀለለ ሙዚቃ ማንበብ ይገባዋል፤ ከመጫወቱ በፊት ምቱን አጨብጭቦ፣ ዜማውን በድምፁ ሞክሮ። በጆሮው ሊደብቅ የማይችለው ነገር ስለሆነ እውነተኛውን ንባብ የሚያሠለጥነው ይህ ነው። ብዙ ቤት የሚሠራ አንድ ስህተትም እዚህ ላይ መነሣት አለበት፤ ልጁ እንዲቀለው ተብሎ በየኖታው ሥር ስሙን ወይም የጣት ቁጥር መጻፍ። ዓይን ሁልጊዜ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። ፊደሉ ካለ ልጁ ፊደሉን ያነባል፣ ኖታውን አያየውም፤ ከወራት በኋላም ፊደሉ ሲነሣበት ካቆመበት ሳይሆን ከመጀመሪያው ይጀምራል። ከዚያ ይልቅ አንድ ሁለት የታወቁ ኖታዎችን ምልክት አድርጎ ሌሎቹን «ከዚያ ወጣ፣ ከዚያ ወረደ፣ አንድ ዘለለ» እያለ በርቀታቸው እንዲያነብ ማስለመድ ይሻላል፤ ጆሮም የሚሰማው ርቀቱን ነው።

ልምምድን በተመለከተ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥሩት ደቂቃ ነው። ሰዓት ዋጋ የለውም ማለት አይቻልም፤ አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 በበርሊን የቫዮሊን ተማሪዎች ላይ ባሳተሙት ጥናት የላቁት ተማሪዎች እስከ 18 ዓመታቸው ወደ 7,400 ሰዓት፣ ቀጣዮቹ ወደ 5,300 ሰዓት ለብቻቸው ተለማምደው ነበር። ግን እነዚህ ጥናቱ ዓላማ ያለው ልምምድ ብሎ የጠራቸው ሰዓቶች ናቸው። ጋሪ ማክፈርሰንና ጀምስ ሬንዊክ በአውስትራሊያ ጀማሪ ልጆች ቤታቸው ሲለማመዱ በቪዲዮ ቀርጸው ሲመረምሩ ከልምምዱ ጊዜ ከ90 በመቶ በላዩ ሙዚቃውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዝም ብሎ በመጫወት ያለፈ ሆኖ አገኙት። ስህተቱ ባለበት ታልፎ፣ በሚቀጥለው ዙር እንደገና ይደገማል፤ ልጁም ስህተቱን እየተለማመደው ነው። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ደግሞ 17 የፒያኖ ተማሪዎች ከሙዚቃ ደራሲው ሾስታኮቪች ሥራ አንድ አጭር ክፍል ሲያጠኑ ተከታተለ። በማግስቱ የተሻለ የተጫወቱት ረጅም ጊዜ ያጠኑት ወይም ብዙ የደጋገሙት አልነበሩም። ስህተቱ ያለበትን ቦታ ለይተው፣ ፍጥነቱን ቀንሰው፣ እስኪስተካከል እዚያው የቆዩት ነበሩ። ይህም ወደ ጆሮ ይመልሰናል። ሙዚቃው እንዴት መሰማት እንዳለበት የማያውቅ ልጅ የተሳሳተበትን ቦታ ሊለየው አይችልም፤ ያልለየውን ደግሞ ሊያርመው አይችልም።

«እኔ ራሴ ሙዚቃ ሳላውቅ ልጄን እንዴት ልርዳ?» የሚለው ጥያቄ ታዲያ መልስ አለው። ጥያቄው በውጭ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድም አለ፤ በብዙ የአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ልጆች አራተኛ ወይም አምስተኛ ክፍል ሲደርሱ መለከት ወይም ቫዮሊን ይዘው ወደ ቤት ይመጣሉ፣ ወላጅም ኖታ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ያኔ ሊሆን ይችላል። ከወላጅ የሚፈለገው የልምምዱን ሥርዓት መጠበቅ ነው። ለጀማሪ ልጅ በየቀኑ በአንድ በተወሰነ ሰዓት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በሳምንት አንድ ቀን ከሚደረግ የሁለት ሰዓት ልምምድ ይበልጣል። መሣሪያው ከማኅደሩ ወጥቶ የሚታይ ቦታ ይቀመጥ። ልምምዱ ሙዚቃውን ከስልክ በመስማት ይጀመር፤ ቀጥሎ ልጁ ያለ መሣሪያ በድምፁ ያዚመው። ከዚያ «ዛሬ ያስቸገረህ የትኛው ቦታ ነው?» ብሎ መጠየቅ ለማንም ወላጅ የሚቻል ነው። ያ ቦታ ብቻ፣ ከአንድ ወይም ከሁለት መስፈሪያ (በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል ካለው የኖታ ክፍል) ያልበለጠ፣ በአንድ እጅ፣ በዝግታ፣ ሦስት ጊዜ ያለ ስህተት እስኪወጣ ይሠራ። ከዚያ ወዲያ ሁለተኛው እጅ ይጨመር፣ ፍጥነቱም ጥቂት በጥቂት ይመለስ። መጨረሻው ላይ ልጁ የሚወደውን ሙዚቃ እንደ ልቡ ይጫወት። ስህተት ሲሰማ መጮህ ልጁን ፈሪ ያደርገዋል፤ «አሁን የሰማኸው እንደ ቅጂው ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን ጆሮውን ያነቃዋል።

ሌላው ተቃውሞ ከባህላችን የሚነሣ ነው። መሲንቆ፣ ክራርና በገና በዚህ አገር የኖሩት ያለ ባለ አምስት መስመር ኖታ ነው፤ የአዝማሪ እንጉርጉሮ፣ የበገና ንዝረት፣ የቅኝቶቻችን ጥቃቅን የድምፅ ልዩነት በወረቀት አይያዝም፤ ታዲያ ልጆቻችንን የባዕድ ምልክት ለምን እናስጨንቃቸዋለን? የተቃውሞው ግማሽ እውነት ነው። ኖታ ሁሉን አይጽፍም፤ በአውሮፓ ሙዚቃም ቢሆን አይጽፍም። ጆሮ መቅደም ያለበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ወረቀቱ የማይናገረውን የሚያሟላው ጆሮ ብቻ ነው። ግን ዜማን መጻፍ ለእኛ እንግዳ እንዳልሆነ ድጓው ይመሰክራል፤ የተጻፈ ነገርም ሰሪው ካለፈ በኋላ ይኖራል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1923 በአዲስ አበባ ተወልደው በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን ተማሩ፤ ኋላ በመነኮሱበት ዘመን የጻፏቸው የፒያኖ ሥራዎች የቤተ ክርስቲያኑን ዜማና የአገራቸውን ቅኝት በውስጣቸው ይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም ሲያርፉ ሥራዎቻቸው በኅትመት ኖታ ወጥተው ስለነበር አግኝቷቸው የማያውቅ ፒያኒስት ዛሬ ሊጫወታቸው ይችላል። በጆሮ የኖረ ዜማ በወረቀት ላይ ሲያርፍ የሚያገኘው ዕድሜ እንዲህ ያለ ነው።

የቀረው ጥርጣሬ ልጁ ራሱ ፍላጎት ይኖረው ይሆን የሚለው ነው። ማክፈርሰን ከባልደረቦቹ ጋር ከ150 የሚበልጡ የአውስትራሊያ ልጆችን መሣሪያ ከመጀመራቸው አስቀድሞ ምን ያህል ጊዜ ለመጫወት እንደሚያስቡ ጠይቆ ለዓመታት ተከታትሏቸዋል። «ለረጅም ጊዜ» ብለው የጀመሩት በተመሳሳይ የልምምድ መጠን «ለትንሽ ጊዜ» ካሉት ይልቅ ሩቅ ሄደዋል። ልጅ ራሱን እንደ ሙዚቀኛ ማየት የሚጀምረው ደግሞ ሙዚቃ ከውስጡ ሲወጣ ሲሰማ ነው እንጂ ነጠብጣብ ሲቆጥር አይደለም። ስለዚህ ለሙዚቃ ትምህርት ቤቶችና ለመምህራን የሚቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ የመጀመሪያውን ወር ለመዝፈን፣ ለማጨብጨብና ሰምቶ ለመመለስ ስጡት፤ ኖታውንም ልጁ በሚያውቀው ዜማ አስጀምሩት። ወላጅም አስተማሪ ሲመርጥ «መቼ ኖታ ያነባል?» ከማለቱ በፊት «ልጆቹ ትምህርታቸው ላይ ይዘፍናሉ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። የሚዘፍን ልጅ ማንበብን ይማራል፤ የተማረውም ንባብ ከወረቀቱ ሙዚቃ የሚሰማበት እውነተኛ ንባብ ይሆናል።